ትንሿን ውሸት መከተል፦ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሐሳብ የሚያገኝበትና የሚሠራበት መንገድ

የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከአንባቢዎቹ አዘውትሮ የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለህ?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን አስቀድሞ ገምቶ ይመጣል፤ ደራሲው የፖሊስ ወዳጅ አለው፣ ወይም ሬሳ ክፍል ሲመላለስ ይውላል፣ ወይም በልቡ የደበቀው አንድ ክፉ ነገር አለ ብሎ ያስባል። እኔ ይህን ዓይነት ድርሰት ለዓመታት ስጽፍ ከተረዳሁት ሁሉ ለጀማሪ አስቀድሜ መንገር የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ የታሪኩ ዘር የሚገኘው ከግድያው ሳይሆን፣ በደህና ቀን ደህና ሰዎች እርስ በርሳቸው ከሚዋሹት ትንሽ ውሸት ነው። ግድያ በራሱ አጭር ድርጊት ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ተፈጽሞ ያበቃል። ሦስት መቶ ገጽ መሸከም የሚችለው ከግድያው በፊትም ሆነ በኋላ ሰዎች ሲሸሽጉት የኖሩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያቺን ውሸት እንዴት እንደሚይዟት፣ እንዴት ወደ ሴራ እንደሚያሳድጓትና መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እንዴት አብረዋት እንደሚቀመጡ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሂድ። አንድ ምሽት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ስጓዝ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ስልኳ ጠራ። አንሥታ «እቤት ገብቻለሁ፤ ልተኛ ነው፤ ነገ እደውልልሻለሁ» አለችና ዘጋች። ወደምንሄድበት ከተማ ለመድረስ ገና የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረን ነበር። ድምጿ አልተለወጠም፤ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በመስኮቱ ጨለማውን መመልከቷን ቀጠለች። ምናልባት የደወለችላትን ሰው ላለማሳሰብ ብላ ይሆናል። ስለ እርሷ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም። ለደራሲ የሚጠቅመው የሴትየዋ እውነተኛ ሕይወት ሳይሆን፣ ያቺ አንዲት ውሸት የፈጠረችው ሁኔታ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው፣ እርሷ በሌለችበት ቦታ እንዳለች በሙሉ ልብ አምኗል፤ ቢጠየቅም ያንኑ ይመሰክራል።

የሰሙትን እንደ ሰሙት መመዝገብ

ደብተር መያዝ ለማንኛውም ደራሲ የሚሰጥ ምክር ነው፤ የወንጀል ደራሲ ደብተር ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተባለውን ነገር ቃል በቃል፣ ከእነ ስብራቱ ይጻፉ፤ ትርጓሜውን ግን አይጻፉ። «ባሏን የምትዋሽ ሴት አየሁ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ስገልጥ የማገኘው የራሴን የዚያን ምሽት ግምት ብቻ ይሆን ነበር። «እቤት ገብቻለሁ፤ ልተኛ ነው» የሚለው ቃል ከነሰዓቱ ስለተጻፈ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ሊጠየቅ ይችላል። ከቃሉ ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ያክሉ፤ ለምሳሌ «ይህን ያመነው ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል። መልሱን በዚያው ቀን ለመስጠት አይቸኩሉ።

ደብተሩ ንጹሕና ሥርዓት ያለው መሆን የለበትም። እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ሞታ ስታልፍ ተርፈው የተገኙት 73 ደብተሮች በሴራ ንድፍ፣ በመርዝ ስምና በዕለት ተዕለት የቤት ጉዳይ ማስታወሻ የተደበላለቁ ናቸው፤ የአንድ ልብ ወለድ ሐሳብ በተለያዩ ደብተሮች ተበታትኖ ይገኛል። ዋናው ነገር በየጊዜው ተመልሶ ማንበብ ነው። እኔ በወር አንድ ቀን ለዚህ እመድባለሁ፤ ካነበብኩት አብዛኛው እንደተኛ ይቀራል፣ አንድ ወይም ሁለቱ ግን ከሌላ ወር ከተጻፈ ነገር ጋር ይገጥማል። የታሪክ ሐሳብ የሚወለደው ሁለት የማይተዋወቁ ማስታወሻዎች ሲገናኙ ነው ብዬ አምናለሁ። የአውቶቡሷ ሴት ቃል ከአንድ ዓመት በላይ ብቻውን ከቆየ በኋላ ሕይወት ያገኘው፣ በሌላ ገጽ ላይ «የሒሳብ ምርመራ ይደረግ ሲባል ከሁሉ በፊት የተስማማው ራሱ የሰረቀው ሰው ነበር» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጋር ሳነብበው ነው።

ከእውነተኛ ጉዳይ ምን ይወሰዳል?

ጋዜጣ የወንጀል ደራሲ የዕለት እንጀራ ነው፤ ነገር ግን ጀማሪዎች ትልቁን ዜና ይመርጣሉ፤ ያ ደግሞ አገር ሁሉ መጨረሻውን የሚያውቀው ነው። ከዚያ ይልቅ በገጹ ጥግ የተጣለችውን አጭር ዜና ይፈልጉ፤ ምክንያቱ ያልተነገረበት፣ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» ተብሎ የቀረበት ዜና ለልብ ወለድ ሰፊ ቦታ ይተዋል።

ከዜናው ሁሉ የሚበልጠው ግን ችሎት ገብቶ መቀመጥ ነው። በብዙ አገሮች የወንጀል ችሎት በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ማዳመጥ ስለ ሰው አነጋገር ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ያስተምራል። ከተከሳሹ ይልቅ ምስክሮቹን ይከታተሉ። እውነት የሚናገር ሰው ስንት ጊዜ «አላስታውስም» እንደሚል፣ ያልተጠየቀውን የሚጨምር ሰው ምን ለመሸፈን እንደሚደክም፣ ዐቃቤ ሕግ አንዲት ቃል ለውጦ ደግሞ ሲጠይቅ መልሱ እንዴት እንደሚዞር ያስተውሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ሎፍተስና የሥራ ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ሰዎች፣ መኪኖቹ «ሲነካኩ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ሲባሉ በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ያህል፣ «ሲላተሙ» ሲባሉ ደግሞ 41 ማይል ያህል ብለው መልሰዋል። ደራሲ ይህን ሲያውቅ፣ ሐቀኛ ምስክሩ ያለ አንዳች ክፋት ሲሳሳት ማሳየት እንደሚችል ይረዳል፤ ይህም ከሐሰተኛ ምስክር ይልቅ አንባቢን ያሳምናል።

ከእውነተኛ ጉዳይ ሲወስዱ ሰዎቹን ትተው አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሁኔታ ብቻ ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1860 በእንግሊዝ አገር በአንድ የሀብታም ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ ተገድሎ በተገኘ ጊዜ፣ ከለንደን የተላከው መርማሪ የቤቱን ወጣት ሴት ልጅ የጠረጠረው አንዲት የሌሊት ልብሷ ከልብሶቿ ዝርዝር ጎድላ በመገኘቷ ነበር። ዊልኪ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው ልብ ወለድ ያቺን የጠፋች የሌሊት ልብስ ወስዶ ሕፃኑን፣ ግድያውንና ቤተሰቡን ትቷቸዋል፤ የእርሱ ታሪክ የተሰረቀ ዕንቁ ፍለጋ ነው። ይህን ምሳሌ የምወደው ለሥነ ጽሑፍም ለኅሊናም ስለሚበጅ ነው። የሞተ ሰው እናት፣ ልጅ፣ ወንድም አለው፤ የእነርሱን ሐዘን ስሙን ብቻ ለውጦ መሸጥ ደራሲነት ነው ብዬ ለመቀበል አልችልም።

የራስን ሙያ እንደ ምንጭ መጠቀም

በዚህ ዘርፍ ስማቸው የተነሣ ሰዎች መጀመሪያ የተጠቀሙት ከቅርባቸው ያለውን ዕውቀት ነው። ዳሺል ሃሜት ከመጻፉ በፊት ፒንከርተን በተባለው የግል የምርመራ ድርጅት ሠርቷል። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ስላገለገለች፣ መርዝን የምታውቀው በመጠኑና በጠርሙሱ ላይ ባለው ጽሑፍ ጭምር ነበር። አርተር ኮናን ዶይል በኤድንብራ ሕክምና ሲማር፣ መምህሩ ጆሴፍ ቤል የታማሚውን ሙያና የመጣበትን ቦታ ከአለባበሱና ከአረማመዱ ሲለይ ያይ ነበር፤ ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪውንም ከዚያ ቀረጸው።

እርስዎ ፖሊስ ወይም ሐኪም ባይሆኑም ይህ በር አይዘጋብዎትም። የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘብ በየትኛው ሰነድ ላይ እንደሚሰወር ያውቃል፤ የትምህርት ቤት መምህር ተማሪው የቤት ሥራውን ሌላ ሰው ሲሠራለት በምን እንደሚለይ ያውቃል፤ ልብስ ሰፊ አንድ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደከሳ ከስፌቱ ያነብባል። በሥራ ቦታዎ ሁሉም ሠራተኛ የሚያውቀው፣ ደንበኛ ግን የማይጠረጥረው ምን ነገር አለ? ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሱ፤ ሁለት ገጽ ከሞላ አንድ የወንጀል ታሪክ የሚቆምበት መሠረት አግኝተዋል።

እውነቱን አስቀድሞ መጻፍ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ኤድጋር አለን ፖ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ የመርማሪ ታሪክን መንገድ የከፈተው ደራሲ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ አጻጻፍ ባወጣው ጽሑፍ ደራሲ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት መጨረሻውን ማወቅ እንዳለበት ተከራክሯል። በወንጀል ልብ ወለድ ይህ ከምክርም በላይ የሥራው ጠባይ ነው፤ ምክንያቱም ደራሲው የሚጽፈው ሁለት ታሪክ ነው። አንደኛው የሆነው ነገር ነው፤ ሁለተኛው የሆነው ነገር የተገለጠበት መንገድ ነው። አንባቢ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ካልተጻፈ ሁለተኛው መሐል ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጀመርዎ በፊት፣ የሆነውን ሁሉ ከገዳዩ ዓይን በሰዓት በሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ገጽ አድርገው ይጻፉት። ይህ ጽሑፍ ለማንም አይታይም፤ የቋንቋ ውበትም አይፈልግም።

በምሳሌያችን እንየው። ሴትየዋን ባለትዳር አደረግኋት። ከጋብቻዋ በፊት የወለደችው ልጅ በሌላ ከተማ ከዘመድ ጋር ያድጋል፤ ባሏም እኅቷም አያውቁም። በዓመት ሁለት ጊዜ ልጁን ለማየት ስትሄድ፣ ለባሏ «እኅቴ ዘንድ አድራለሁ» ትለዋለች፤ እኅቷ ስትደውል ደግሞ «እቤት ገብቻለሁ» ትላታለች። ሁለቱ ውሸቶች እንደ በርና ጉበን የተጋጠሙ ናቸው፤ ባልና እኅት እስካልተነጋገሩ ድረስ ምንም ክፍተት የለም። እርሷ አውቶቡስ ውስጥ ባለችበት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ባሏ በቤቱ ይገደላል።

እዚህ ላይ ያቺ ትንሽ ውሸት ሥራዋን ትጀምራለች። ሴትየዋ በማግሥቱ ተመልሳ ባሏን ሞቶ ስታገኝ፣ ከልማዷ የተነሣ ለፖሊስ «እኅቴ ዘንድ ነበርኩ» ትላለች። እኅቷ ግን ስለ ልጁ ስለማታውቅ፣ ስትጠየቅ እውነት የመሰላትን ትናገራለች፦ «በ2 ሰዓት ደውዬላት እቤቷ ነበረች፤ ልተኛ ነው ብላኛለች።» በሐቅ የተነገረ ቃል ንጹሕ ሰው ላይ ገመድ አጠበቀ። እርሷም ራሷን ነፃ የምታወጣበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ዝም ትላለች፤ ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር ልጇን ይገልጥባታል። እኔ አንድ ሐሳብ ለመጽሐፍ የሚበቃ መሆኑን የምለየው በዚህ ነው፤ ንጹሑ ሰው የሚዘጋው አፉን በቂ በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ አንባቢ ያለ ደራሲው ግፊት አብሮት ይጨነቃል።

ገዳዩ የባልየው የንግድ ሸሪክ ነው። ከጋራ ሒሳባቸው ገንዘብ ሲያወጣ ቆይቷል፤ የሒሳብ ምርመራ ይደረግ ሲባል ከሁሉ በፊት የተስማማውም እርሱ ነው፤ ምርመራው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሴትየዋን ከአንድ ጊዜ በላይ አውቶቡስ ስትሳፈር አይቷታል፤ በዚያ ምሽት ባልየው ብቻውን እንደሚያድር፣ እርሷም እኩለ ሌሊት ላይ ልትመለስ እንደማትችል ያወቀው ስለዚህ ነው። እንግዲህ መርማሪው ሊደርስበት የሚገባው ጥያቄ «ማን ጠላው?» ወይም «ማን ተጠቀመ?» ብቻ አይደለም፤ «ሁሉም ሰው ከተማ ውስጥ ናት ብሎ ሲያምን ሩቅ መንገድ ላይ እንደነበረች ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው ነው። ትንሿ ውሸት የመጽሐፉ መጀመሪያ ብቻ ሳትሆን መቆለፊያውም ቁልፉም ሆነች።

ይህን ሲጨርሱ አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። በቁመት የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ በአግድም እያንዳንዱን ቀን ይጻፉና፣ በየሳጥኑ ያ ሰው በዚያ ቀን ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያምን ይሙሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን በዚህ ዘርፍ ከሚታዩ ስሕተቶች አብዛኛው የሚፈጠረው አንድ ገጸ ባሕርይ ገና ያልሰማውን ነገር ሲናገር ነው። በሰንጠረዡ ሲሞሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሸሽገው ነገር ይስጡት። ጎረቤቷ በዚያ ምሽት ከባልየው ያልመለሰችውን ገንዘብ ተበድራለች፤ የሟች ወንድም በሥራ ላይ መሆን ሲገባው ሌላ ቦታ ነበር። ሁሉም ሲዋሽ የገዳዩ ውሸት ከሌሎቹ ተለይቶ አይታይም። አንባቢን ለማሳሳት ብቻ የተጨመረ አጠራጣሪ ሰው ግን ምስጢሩ ሲፈታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢም እንደተታለለ ይሰማዋል።

ፍንጭ አቀማመጥ

አንባቢ መርማሪው የሚያየውን ሁሉ ማየት አለበት። ከዚህ ሕግ የሚሸሽ ደራሲ የሚያገኘው መደነቅ ርካሽ ነው። ጥበቡ ፍንጩን መከልከል ሳይሆን፣ ፊት ለፊት አስቀምጦ ዓይንን ወደ ሌላ ማዞር ነው።

በታሪካችን ዋናው ፍንጭ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሞቱ በተሰማበት ቀን ሸሪኩ ሴትየዋን ሊያጽናና ይመጣል፤ እጇን ይዞ «ምነው እንዲህ ሆንሽ፣ ጉዞውም አድክሞሻል፤ ትንሽ ዐረፍ በይ» ይላታል። በዚያን ቀን ስለ ጉዞ የሰማ አንድም ሰው የለም፤ ፖሊስ እቤት ነበረች ይላል፣ እርሷ እኅቴ ዘንድ ነበርኩ ብላለች፣ እኅቷ ደግሞ የምትኖረው እዚያው ከተማ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን፣ በአንቀጽ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ይጮኻል። ስለዚህ ከብዙ የማጽናኛ ቃላት መካከል አስገባሁት፤ ወዲያው ደግሞ መርማሪው እኅቷ የተናገረችውን ይዞ በሩን እንዲያንኳኳ አደረግሁ። አንባቢ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ሲመጣበት ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት መስመሮች ላይ አይቆይም።

ሌላው መንገድ ፍንጩን ለተሳሳተ ጥያቄ መልስ አስመስሎ መስጠት ነው። ሴትየዋ ቦርሳ ውስጥ የሕፃን ሹራብ ቢገኝ መርማሪውም አንባቢውም «እርጉዝ ናት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሹራቡ ግን ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን መሆኑ በልኩ ቁጥር ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንባቢ የተሳሳተ መልስ ካገኘ ፍለጋውን ያቆማል፤ ፍንጩም በሜዳ ላይ ሆኖ ይሰወራል።

ሳይንሱን ማክበር

በዚህ ዘመን አንባቢ ብዙ ስለሚያውቅ፣ ስሕተት ያለበት የአስከሬን ምርመራ አንድ መልካም መጽሐፍ ያበላሻል። ጥቂት ነገር ልጥቀስ። የአስከሬን መድረቅ ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በመንጋጋና በፊት ጡንቻዎች ይጀምራል፤ እስከ 12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ይይዛል፤ ከዚያም ከአንድ ቀን በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። ስለዚህ አስከሬኑን አይቶ «ልክ በ2 ከ10 ሞቷል» የሚል ሐኪም በልብ ወለድ ውስጥም መኖር የለበትም፤ ሐኪም የሚሰጠው የሰዓታት ክልል ነው፤ ያ ክልል ደግሞ ለደራሲ በረከት ነው። ደም በስበት ወደ ታች ወርዶ በቆዳ ላይ የሚፈጥረው ጥላ በ8 እና በ12 ሰዓት መካከል ይጸናል፤ አስከሬን ከዚያ በኋላ ቢገለበጥ ጥላው በቀድሞ ቦታው ስለሚቀር መነካቱን ያሳብቃል። ክሎሮፎርም የነካ ጨርቅ ደግሞ ሰውን በሁለት ትንፋሽ አይጥልም፤ ደቂቃዎች ይፈጃል።

የታሪኩን ዘመንም ያስተውሉ። በጣት አሻራ የግድያ ወንጀል የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ጉዳይ በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ አሌክ ጄፍሪስ ሰውን በዲ ኤን ኤ የመለየቱን ዘዴ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ በዚያ ዘዴ ታግዞ ነፍሰ ገዳይ የተፈረደበት በ1988 ነው። ታሪክዎ በ1970 የሚሆን ከሆነ መርማሪዎ በጠብታ ደም የሚያውቀው የደሙን ዓይነት ብቻ ነው።

ቴክኖሎጂ ሴራዎን ሲያፈርስብዎት አይሽሹ፤ ይቀበሉት። ይህን የተማርኩት ከዚችው ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ አንድ ወዳጄ «የስልኳ መረጃ የት እንደነበረች አይናገርም?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስልኳን ለማጥፋትና ለመስረቅ ስሞክር ቆየሁ፤ የሚያሳምን አልሆነም። በመጨረሻ ጥያቄውን እንዳለ ተቀበልኩት፤ መረጃው እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ይወስዳል፣ መጽሐፉም የእነዚያ ቀናት ታሪክ ይሁን አልኩ። መረጃው ሲመጣ ሴትየዋን ከግድያው ነፃ ያወጣታል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ስትሰውረው የኖረችውን ልጅ ያጋልጣል። ሴራዬን ያፈርሳል ብዬ የፈራሁት ነገር የመጽሐፉ ትልቁ ምዕራፍ ሆነ።

የደራሲው ቀን

ሐሳብ ብዙ ሰው አለው፤ መጽሐፍ የሚኖረው ግን በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲው ሬይመንድ ቻንድለር በአንድ ደብዳቤው፣ ደራሲ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ለጽሑፍ ብቻ መመደብ እንዳለበት፣ በዚያ ጊዜ ለመጻፍ ባይገደድም ሌላ ነገር ግን መሥራት እንደሌለበት ጽፏል። አራት ሰዓት ለሠራተኛ ሰው አይገኝም፤ አንድ ሰዓት ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። በቀን 500 ቃል የሚጽፍ ሰው የ80 ሺህ ቃል ረቂቅ በ160 ቀን ይጨርሳል። ብዛቱን ከፍ ለማድረግ ከመሞከር ይልቅ ቀን አለመዝለል ይበልጣል፤ በተለይ በዚህ ዘርፍ፣ ምክንያቱም ከአሥር ቀን በኋላ የተመለሰ ደራሲ ማን ምን እንደሚያውቅ ዘንግቶ ያገኘዋል።

ለማቆም የሚመርጡት ቦታ ትኩረት ይሻል። ምዕራፉ ሲያልቅ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ማን ምን እንደሚናገር በሚያውቁበት መሐል ያቁሙ፤ በማግሥቱ ባዶ ገጽ አይጠብቅዎትም። ሲቸገሩ ደግሞ ወደ ገዳዩ ይመለሱ። እርሱ ዛሬ ምን እያደረገ ነው? ወንጀለኛ መርማሪው እስኪይዘው በየጥላው ሥር ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ይፈራል፣ ይጠግናል፣ ይሸፍናል፣ ሲሸፍንም ሌላ አሻራ ይተዋል። ታሪክ መሐል ላይ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ደራሲው ገዳዩን ስለረሳው ነው።

ስለ ሸክሙም ልናገር። ለወራት ከሞት፣ ከክህደትና ከሐዘን ጋር መዋል ሰውን ይነካል፤ ይህን የሚክድ ደራሲ ወይ አይጽፍም ወይ አይሰማውም። የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ማታ አላነብም። የግድያውን ትዕይንት የምጽፈው ጠዋት ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ረጅም መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። ሟቹን ደግሞ ሁልጊዜ ከሞቱ በፊት በሕይወት ሳለ የሚታይበት አንድ ትዕይንት እጽፍለታለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ባይገባ እንኳ፣ ሬሳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርብኝ።

ለመጀመሪያ አንባቢዎች መስጠት

ረቂቁን ጨርሰው አንድ ወር ካሳረፉት በኋላ ሁለት ጊዜ ይከልሱት፤ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ይዘው ዕውቀትና ሰዓት ብቻ እየተከታተሉ፣ ቀጥሎ ጮክ ብለው እያነበቡ ለቋንቋው። ከዚያ ታሪኩን ላልሰሙ አምስት ሰዎች ይስጡ። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ ወዳጅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አይጠቅምም። ይልቁንም እርሳስ ይዘው እንዲያነብቡና፣ ማንን በየትኛው ገጽ እንደጠረጠሩ በኅዳጉ ላይ ስሙን እንዲጽፉ ይለምኗቸው።

አምስቱ ቅጂዎች ሲመለሱ ጎን ለጎን ዘርግተው ገጽ በገጽ ያስተያዩ። አራቱ «ጉዞውም አድክሞሻል» ከሚለው አጠገብ የሸሪኩን ስም ጽፈው ከሆነ ፍንጩ ጎልቷልና ወደ መካከል መግፋት ያስፈልጋል። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን ማንም ካላስታወሰው ደግሞ ተቀብሯል፤ በሌላ ምዕራፍ አንድ ሰው ሳያስበው እንዲደግመው ማድረግ ይገባል። እኔ የምፈልገው ምልክት ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ ንባብ ኅዳጉ ባዶ ሆኖ፣ አንባቢው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ራሱ ወደዚያ ገጽ ተመልሶ ከሥሩ ያሰመረበት መስመር። ከአምስቱ በሦስቱ ላይ ያንን መስመር ካገኘሁ ረቂቁን ለአርታኢ እልካለሁ።